አባቴ ሽርጡን የሰቀለበት አጥር

የደም ግፊት መድኃኒቴን የምገዛው መካኒሳ አቦ አካባቢ ካለች አንዲት ፋርማሲ ነው። ከምኖርበት ከለቡ መብራት ኃይልም ፋርማሲ አይጠፋም፤ እኔ ግን ታክሲ ተሳፍሬ መሄዱን እመርጣለሁ። ልጆቼ ይህን ግትርነት ይሉታል፤ እኔ ልማድ እለዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑም ደጋግሜ አስረድቻቸዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት መድኃኒቴን በላስቲክ አንጠልጥዬ ድልድዩን ስሻገር፣ ከወንዙ አፋፍ ካለው ላቫጆ አንድ ወጣት መኪና አጥቦ ጨረሰና ቢጫ የጎማ ሽርጡን ከወገቡ ፈትቶ በቆርቆሮው አጥር ላይ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ሰቀለው። ቆምኩ። አስቤበት አይደለም፤ እግሬ ነው የቆመው። ዓይኔም ከሽርጡ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ፤ ከወንዙ ማዶ ድሮ የጎመን መደብ የነበረበትን፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበትን ዳገት ሲፈልግ ቆየ።

ከእኔ ጥቂት እልፍ ብሎ ሌላ ሽማግሌ መቆሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መጀመሪያ ሽርጡን፣ ቀጥሎ ወንዙን ተመለከተ። የተሰቀለ ቢጫ ሽርጥ አይቶ ዓይኑን ወደ ወንዝ የሚያወርድ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ነው።

«ሚዛኑ» አለኝ ፊቱን ሳያዞር፤ «ውሃው ሊለቀቅ ነው መሰለኝ።»

ሽብሩ ነበር። ስሜ ጌታሁን ነው፤ ሚዛኑ ያሉኝ የልጅነት ጓደኞቼ ናቸው፤ ብይ ስንጫወት እንኳ ርቀቱን በስንዝር ካልለካሁ አላምንም ስለምል። ከሽብሩ ጋር ሳንተያይ ዓመታት አልፈዋል። ሳየው ደስ አለኝ። ከደስታው ሥር ግን ያ የቆየ ነገር፣ በዚህ ዕድሜ በስሙ መጥራት የሚያሳፍረው ነገር፣ ወዲያው ነቅቶ ቁጭ አለ። ቅናት ነው። እንቁልጭልጭ ስንባባል የነበርን ልጆች ሽበት አብቅለን፣ ጉልበታችን ከድቶን፣ እኔ አሁንም በዚህ ሰው እቀናለሁ። የምቀናበት ነገር ደግሞ ገንዘብ ወይም ሴት ቢሆን ባልከፋ፤ የምቀናው በአባቴ ነው፤ በገዛ አባቴ።

ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አገር ከተማ አልነበረም። ፒያሳ ለመሄድ የተነሣ ሰው «ከተማ ልወጣ ነው» ይል ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ሰይቼንቶ ታክሲዎችም ጭቃውን ፈርተው ከአስፋልቱ ጫፍ ይመለሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሪ ነው፤ ጋሪ ያጣ በእግሩ ነው። በአምስት ሳንቲም ትኩስ ቦምቦሊኖ ይገዛ ነበር፤ ስሙኒ በኪሱ የያዘ ልጅ ጌታ ነበር። ትምህርት ቤት በካኪ ቁምጣና በሸራ ጫማ እንሄዳለን፤ ሰኞ ጠዋት የሸራውን ጫማ በጠመኔ ቀብተን ስናነጣው፣ ረቡዕ ላይ ወደ መሬቱ ቀለም ይመለሳል። ጸጉር አስተካካዩ መስተዋቱን ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሰቅሎ ይሠራ ስለነበር፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የተቀመጠው ሰው ፊት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ጠጅ ቤት አንድ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚወደው ዘፈን መሐሉ ላይ ተጭሮ ስለነበር፣ መርፌዋ እዚያ ስትደርስ አንዲቱን ቃል እየደጋገመች ትንተባተባለች። እኛም ዘፈኑን ያጠናነው ከነመንተባተቡ ነው። ዛሬ ያው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ፣ እዚያች ቃል ላይ ሳይደጋግም ማለፉ ስሕተት ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ሽታው ነበር። የዚያን ሰፈር ነገር ያነሣ ሰው ሁሉ «የቆዳ ሽታ» ይለዋል፤ ልክ አይደለም። ቆዳ በራሱ እንደዚያ አይሸትም። ያ ሽታ ጠጉሩን ከቆዳው ለማርገፍ የሚገባው የኖራና የድኝ ውሁድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለውም ድኙ ነው። አባቴ፣ አቶ ተክሌ፣ በቆዳ ፋብሪካው የበርሜል ክፍል ካቦ ነበር። በርሜል ስል ውሃ የሚቀዳበትን አይደለም፤ ቤት የሚያክል፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ቆዳውን ከነመድኃኒቱ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ነው። ቅዳሜ ማታ ክንዱን በሎሚ ያሻል፣ በሳሙና ያጥባል፣ እንደገና በሎሚ ያሻል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ግን ከጎኑ የቆመ ሰው አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ መሸፈኑ አይቀርም። የቤታችን ቆርቆሮ፣ የእኔ ደብተርና የእናቴ የመስቀል ቀሚስ ከዚያ ሽታ የመጡ ስለነበሩ እኛ ቤት ስለ ሽታው የሚያማ አልነበረም።

ከፋብሪካው በታች፣ ወንዙን ተከትሎ አትክልተኞቹ ነበሩ። አብዛኞቹ ከጉራጌ አገር የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከወንዙ አንድ ቦይ ጠልፈው ሁሉም ከዚያው ቦይ እየተካፈሉ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ያመርታሉ። የሽብሩ እናት እትዬ ድንቄ የቦዩ አፍ ላይ ያለው መደብ ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያንን መሬት ከሽብሩ ጋር ሁለት ሆነው ይዘውታል። እኔና ሽብሩ አንድ ክፍል ነበርን። ከትምህርት ቤት መልስ ከእሱ ጋር ጎመን አርማለሁ፤ ማታ እሱ ከእኔ ጋር ሒሳብ ይሠራል። እትዬ ድንቄ «ይኼ ልጅ አረሙን ሲነቅል እንኳ በመስመር ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ፋብሪካው ሌሎች በርሜሎች ተከለና ነገር ተበላሸ። ውሃው አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ሐሞት አረንጓዴ ሆኖ ይወርድ ጀመር። ያን ውሃ የጠጣ ጎመን በማግስቱ ጫፍ ጫፉ ተጠብሶ ይገኛል። የሰፈራችን ሰው የአቶ ባልቻ ላም ከወንዙ ጠጥታ ሞተች። አትክልተኞቹ የተጠበሰውን ጎመን በቅርጫት ተሸክመው ፋብሪካው በር ላይ ደፉት፤ ከማዘጋጃ ቤትም ሰው ለማምጣት ዛቱ። ይህን የሰማው ሥራ አስኪያጅ በርሜሎቹ የሚደፉበትን ሰዓት በየቀኑ እንዲለዋወጥ አደረገ፤ ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ከግቢ ያወጣ ሠራተኛም በማግስቱ እንዳይመጣ አስጠነቀቀ። ያን ዕለት ማታ አባቴ እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ።

«ምሳ ይዘህ ስትመጣ ምን ታያለህ?» አለኝ።

«በርሜሎቹን።»

«ሌላስ?»

«ሲከፈቱ አያለሁ።»

«አታይም» አለኝ። ተነሥቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ይዤ የበርሜል ክፍሉ ድረስ እገባ ስለነበር፣ የዚያን ቀን በርሜሎች መቼ እንደሚደፉ አይቼ ለማወቅ አይከብደኝም። ሽብሩም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ቦዩ ዳር እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ማለቴ ንጹሕ በነበረበት ሰዓት፣ እንዲህ አለኝ፦

«ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ። ቀድሜ ቦዩን እዘጋለሁ፤ መርዙ ያልፋል፤ መልሼ እከፍታለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

«አንተ? የትምህርት ቤቱን ደወል ከደዋዩ ቀድመህ የምታውቅ ሰውዬ?»

«አላውቅም አልኩህ።»

ረጅም ጊዜ አየኝና ሳቀ። «ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ የነገረህ ሰው አለ? አሁን ብርበሬ መስሏል።» ተነሥቶ ሄደ። ሳቁ ግን የጓደኛ ሳቅ አልነበረም። እኔም ቤት እስክደርስ ጆሮዬን በእጄ ይዤ ነበር የሄድኩት። የእትዬ ድንቄ ጎመን በነጋታው ተጠበሰ። እሳቸው በልጃቸው ፊት ጎመኑን እየነቀሉ ሲጥሉ ከአጥር ማዶ ሆኜ አየሁ። ብናገር የአባቴ እንጀራ፣ ዝም ብል የእነሱ፤ እኔ የመረጥኩት አባቴን ነው። በዚያ ዕድሜ የሚቻለውን ያህል ታማኝነት ነበር፤ ዋጋውንም ከፍዬበታለሁ፤ ሽብሩ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ተነሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። ጎመኑ መጠበሱን ተወ። ወንዙ እንደ ቀድሞው ቀለሙን እየለዋወጠ ይወርዳል፤ ወደ ቦዩ ግን አይገባም። ሽብሩ በአፈር የተሞሉ ጆንያዎችን ከቦዩ አፍ አስቀምጦ፣ መርዙ ሊመጣ ሲል ይዘጋል፣ ሲያልፍ ይከፍታል። «እንዴት አወቅህ?» ሲሉት «ይሸተኛል» ይላል። ሰፈሩ አመነ። በሳምንቱ የሽብሩ አፍንጫ የማይወራበት ቤት አልነበረም። መምህራችን ሳይቀሩ ስለ ስሜት ሕዋሳት ሲያስተምሩ «ለምሳሌ የሽብሩ አፍንጫ» አሉ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የድኝ ሽታ ሌት ተቀን በሚንሳፈፍበት ሰፈር፣ ማንም አፍንጫ የአንዱን ሰዓት ሽታ ከሌላው እንደማይለይ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስደርስ አባቴ በርሜሎቹ አጠገብ አልነበረም። በኋላ በር ወጣሁ። ከግቢው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያየው የሽቦ አጥር ዘንድ ቆሞ፣ ቢጫ የጎማ ሽርጡን ከወገቡ ፈታ። ያ ሽርጥ ሁልጊዜ የሚሰቀለው ከውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ነው፤ አባቴ ደግሞ ዕቃን ከቦታው ውጭ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም፤ እኔም የወጣሁት በእሱ ነው። ሽርጡን በእጁ ጠርጎ አጥሩ ላይ ሰቀለው፣ ጫፉንም ሳብ አድርጎ አስተካከለው። ታች፣ ጎመኑ መሐል፣ ሽብሩ ቀና አለ። መኮትኮቻውን ጥሎ ወደ ቦዩ አፍ ሮጠ፣ ጆንያዎቹን እየጎተተ መዝጋት ጀመረ። አባቴ ቆሞ አየው። ሲጨርስ እጁን ከፍ አደረገለት፤ ከፍ አደረገ ማለት ይበዛል፤ ከጭኑ ጥቂት ነው ያነሣው። ሽብሩም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ አባቴ ገባ፤ በርሜሎቹ ተከፈቱ፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ወረደ። ከጨረሱ በኋላ ሽርጡ ከአጥሩ ተነሣ፤ ቦዩም ተከፈተ።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ቆሜ ነበር። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ቁጣ ብዬ ብጠራው ስሕተት ይሆናል። አባቴ ሥራውን አደጋ ላይ መጣሉ አላስቆጣኝም፤ እንዲያውም እንደዚያ ዕለት ኮርቼበት አላውቅም። ያቃጠለኝ ያ የእጅ ምልክት ነው። ከእኔ ጋር አባቴ ስለ ምሳ፣ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ጫማዬ ጭቃ ይናገራል። እነዚህ ሁለቱ ግን ሳይነጋገሩ ይነጋገሩ ነበር። እኔ የእሱን ምስጢር ለመጠበቅ ጓደኛዬን አጣሁ፤ እሱ ያንኑ ምስጢር ለዚያው ጓደኛዬ ሰጠው። ማታ ገበታ ላይ ፊቱን እያየሁ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ወጡ ጨው አንሶታል» አለ።

ላም የሞተበት ሰው ግን የተዘጋ ቦይ አያጽናናውም፤ ከብት የሚጠጣው ከወንዙ ነው። ነገሩ ወደ እድር መጣ። ፋብሪካ ሠራተኛውም አትክልተኛውም የአንድ እድር አባል ነበርን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ድንኳን ሥር ተሰበሰብን፤ አቶ ባልቻ ተነሡ።

«ላሜን የገደለ ሰው ነገ ስሞት ቃሬዛዬን ሊሸከም ነው? አልፈልግም። የፋብሪካው ካቦዎች ከእድራችን ይውጡ።»

«ባልቻ፣ ሳትሞት ተሸካሚ ማማረጥ ጀመርክ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ብዙዎቹ አንገታቸውን በስምምነት ነቀነቁ። ከእድር የወጣ ሰው ሞቱ እንደ ውሻ ሞት ነው፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቃል ቢናገር ነጻ ይወጣ ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ግን የፋብሪካው ግምጃ ቤት ኃላፊ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ እሱ የሰማውን ሥራ አስኪያጁ እስከ ማታ ይሰማዋል።

ይህን ጊዜ ሽብሩ ተነሣ።

«ስለ ጋሽ ተክሌ እኔ የማውቀው ነገር አለ።»

አባቴ ቀና አለ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንገቱን አዞረ። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ነበርኩ፤ እሱ ዘንድ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ሽብሩ ቀጣዩን ቃል ሳያወጣ አፉ ላይ በቡጢ መታሁት። ወንበር ተገለበጠ፤ ሴቶች ጮኹ።

«የካቦ ልጅ! ፋብሪካው ቦክስም ያስተምራል እንዴ?» አለ አንዱ።

ለምን እንደመታሁት ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ያ ቃል ቢወጣ አባቴ በማግስቱ ሥራ አልነበረውም። ሁለተኛው፣ አባቴን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንደ ልጅ ቆሞ የሚያድነው ሽብሩ መሆኑን መሸከም አልቻልኩም። ሁለቱንም ዕድሜዬን ሙሉ ስመዝናቸው ኖሬአለሁ። ሁለተኛው ይከብዳል። ሆኖም አልተጸጸትኩም፤ ሽብሩም ካሣ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ደም ስለፈሰሰ ሽማግሌዎቹ የፋብሪካውን ጉዳይ ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ስብሰባው ሽምግልና ሆነ። እኔ የእትዬ ድንቄን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ራሴን ዳብሰው «ይኼ መስመር የሚወድ ልጅ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ። ከሽብሩ ጋር ተሳሳምን፤ የከንፈሩ ደም ጉንጬን ነካኝ። ተመረቅን። አቶ ባልቻ ነገራቸውን ሊቀጥሉ ሲነሡ የእድሩ ዳኛ እጃቸውን አነሡ፦

«ባልቻ፣ አሁን እኮ የእነ ድንቄንና የእነ ተክሌን ቤት አስታረቅን። ምርቃቱ ሳይደርቅ አንዱን ቤት ከእድር ልናስወጣ ነው? ነውር ነው። ይልቅ ሽማግሌ መርጠን ወደ ሥራ አስኪያጁ እንላክ።»

ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ፋብሪካው ከብዙ ምልልስ በኋላ ውሃውን የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከዚያ ደግሞ ዘመን ተለወጠ፤ ፋብሪካውም፣ ጎመኑም፣ ጠጅ ቤቱም አንድ በአንድ ሄዱ። አባቴን ከድንኳኑ ሲወጣ እጠብቀው ነበር። አልፎኝ ወደ ሽብሩ ሄደና አገጩን ቀና አድርጎ «አሳየኝ እስቲ፤ ጥርስህ አልተነቃነቀም?» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ኮሌታህን አስተካክል» አለኝ።

ኬሚስትሪ የተማርኩት በቅናት ነው። አራት ኪሎ ገብቼ ያንን አረንጓዴ ውሃ በቀመር መጻፍ ስችል፣ ቤት ተመልሼ ገበታ ላይ ለአባቴ ዘርዝሬ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። ስጨርስ «ሽብሩ ይኼን ሁሉ በአፍንጫው ነበር የሚያውቀው» ብሎ በጢሙ ሥር ፈገግ አለ። እያወቅሁ እንደማላውቅ ሆንኩ፤ እሱም እንደማላውቅ አድርጎ ተቀበለኝ። እንዲሁ እንደተሸፋፈንን አረጀ፤ ሞተም። የእድሩ ጡሩምባ በተነፋ ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ሽብሩ ነው፤ ቃሬዛውንም ከፊት በቀኝ በኩል ይዞ እስከ መቃብሩ አልለቀቀም። አቶ ባልቻም አርጅተው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ከኋላ ተከተሉ።

ከላቫጆው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሽብሩ ስኳር ተከልክሏል፤ ሻዩን እያማረረ ይጠጣል። ፀሐይዋ ሽርጡ ላይ አርፋ ከመንገዱ ማዶ ይታየን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

«አባቴ ለምን አንተን መረጠ? ልጁ እኔ ነበርኩ። ሰዓቱን ለእኔ ቢነግረኝ እኔ አደርስልህ ነበር።»

«ጆሮህ ነዋ» አለኝ።

«ምን?»

«‹ጌታሁን መዋሸት አይችልም። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ቢጠይቀው ጆሮው ያጋልጠዋል፤ ከሥራ ብባረር ደግሞ እኔን ያስባረረኝ የገዛ ልጄ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ከእሱ ላይ ይኼን አላኖርም› ነው ያለኝ።» ሻዩን አማሰለ፤ የሚማሰል ስኳር አልነበረውም። «‹የሚታመን ልጅ ስላለኝ ነው የማልነግረው› አለኝ። እኔ እንዲያውም ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። የማልታመን ነኝ ማለቱ ነው ብዬ።»

ከልቤ ላይ የሆነ ነገር ሲነሣ ተሰማኝ፤ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ነገር ሲነሣ ቦታው ራሱ ይሳሳል። አባቴን ከነጋቢው አየሁት። ስለ እኔ ይህን ያህል አስቦ፣ ይህን ያህል ዝም ብሎ መኖሩን አሰብኩ። ዓይኔ እንዳያጋልጠኝ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«መቼ ነው ይህን የነገረህ?» አልኩት።

«ያን እሑድ ማታ። ከንፈሬን ሊያይ ቤት መጥቶ፣ እናቴ ጎን ተቀምጦ። ሲነጋገሩ አመሹ፤ ስለ አንተ ብቻ ነበር ያወሩት።»

እኔ ያን እሑድ ማታ ቤት ነበርኩ። ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ የሽብሩ ደም የነካኝን ጉንጬን ታጥቤ፣ አባቴ እስኪመጣ በሩን እያየሁ ተቀምጬ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ወጣቱ ሽርጡን ከአጥሩ አንሥቶ ታጠቀ። እኔና ሽብሩ እኩል ወደ ወንዙ ዞርን።

«ተለቀቀ» አለ ሽብሩ።

መለስኩለት፤ ስለ ሽርጡ፣ ስለ ዘመኑ አንድ ነገር አልኩ። በልቤ ግን ሌላ ነገር እያሰላሁ ነበር። ለሽብሩ የነገረው ሰዓቱን ብቻ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካ እንዴት እንደሚወደኝም የነገረው ለሽብሩ ነው።